መብራት ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑን አትመኑት

አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያንን ወረቀት አልፈርምም ነበር።

ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የሕክምና ተቋም ምድር ቤት ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ መለካት ነው። አብዛኛው በአዮዲን 131፣ ጨረር በሚያወጣ የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) መድኃኒት፣ ከተሰጠ ሕክምና የተረፈ ጓንት፣ መርፌና ጨርቅ ነው። አካሄዱ ቀላል ነው። ከረጢቱ ይመዘናል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ የባዶው ክፍል ጨረር ይለካል፣ ከዚያ የከረጢቱ። የአዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 8 ቀን ነው። 80 ቀን ሲቆይ ከ1000 አንድ እጅ ያህል ይቀራል። ከተፈቀደው የጨረር ገደብ በታች ከሆነ ከተቋሙ ይወጣል።

የዚያን ቀን ጠዋት ዲቴክተሩን (የጨረር መለኪያ ማሽኑን) በሲዚየም 137፣ ጉልበቱ በሚታወቅ የጨረር ምንጭ፣ ፈተሽኩት። ፒኩ፣ ማለትም በግራፉ ላይ ቆጠራው ከፍ የሚልበት ጫፍ፣ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ፣ ልክ ቦታው ላይ ነበር። አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ሥራ ተከምሮብኝ ስለነበር ወዲያው ቀጠልኩ። አንዱ ከረጢት ከገደቡ በታች ሆነ፤ ፈረምኩ።

እግዚአብሔር ሲረዳኝ ቆሻሻውን የሚወስደው መኪና ሳይመጣ ቀረ። በ8ኛው ቀን ደግሜ ስለካው በግማሽ መቀነስ ነበረበት። እጥፍ ሆኖ አገኘሁት! መጀመሪያ የዕቃ ክፍሉን ሠራተኛ ጠረጠርኩ። «ምን ጨመርክበት?» ብዬ ጮህኩበት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የፈረምኩበትን ቀን ስፔክትረም (ቆጠራውን በጉልበት የሚያሳየውን ግራፍ) ስከፍት 364 ላይ መሆን የነበረበት የአዮዲን ፒክ 320 አካባቢ ተቀምጧል። የምቆጥርበት መስኮት፣ ማለትም የጉልበት ክልል፣ የሚጀምረው ከ330 ነው። አብዛኛው ቆጠራ ከመስኮቱ ውጭ ቀርቷል። የእኛው ዓይነት የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ዲቴክተር ለሙቀትና ለቮልቴጅ ስስ ነው፤ ከተነሣ በኋላ እስኪረጋ ጊዜ ይፈልጋል።

ለተቆጣጣሪው ነገርኩት። «የካሊብሬሽን (የማሽኑ ልክነት) ሰርተፊኬቱ ጊዜው አላለፈም አይደል? ታዲያ ምን ችግር አለ?» አለኝ። አሁንም ያናድደኛል። ሰርተፊኬቱ የሚመሰክረው ስለተሰጠበት ቀን ነው። አራት ሰዓት ላይ ስለሄደው መብራት ምን ያውቃል?

መመሪያችን በቀን አንዴ ጠዋት ፈትሹ ይላል። አልስማማም። መብራት በመጣ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ በሲዚየም ፈትሹ። ማታም ድገሙት። የማታው ካልገጠመ፣ ከመጨረሻው ትክክለኛ ፍተሻ ወዲህ የለካችሁትን ሁሉ እንደገና ለኩ። ስፔክትረሙንም አስቀምጡ። ቁጥሩን ብቻ መዝግቤ ቢሆን ኖሮ ስህተቱን መቼም አላገኘውም ነበር።

ቅጹ ላይ ለፒኩ የሚሆን ቦታ የለም። እኔ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ እጽፈዋለሁ።