በርበሬ የነካው የጋብቻ ወረቀት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለት አለብኝ። «ልጆቼን ከአባታቸው ካገናኘሽልኝ ጥላ አስገባለሁ፣ ያደረግሽልኝንም ለሰማ ላልሰማ እናገራለሁ» ብዬ ለጻድቃኔ ማርያም ተስዬ ነበር። ጥላውን ታኅሣሥ 21 ቀን አስገባሁ። የቀረኝ መናገሩ ነው።

የምኖረው ደብረ ሲና ነው። ባለቤቴ ዲቪ ደርሶት በ2007 ሲሄድ ገና አልተጋባንም ነበር። በጥር 2009 መጥቶ በተክሊል ተጋባን፤ ወር ሳይሞላው ተመለሰ። ወዲያው ፕሮሰስ ጀመረልኝ። ለአሜሪካ ዜጋ ሚስት ወረፋ የለም፤ ለግሪን ካርድ ያዥ ሚስት ግን በየዓመቱ ኮታ አለ። ስለዚህ ጠብቁ ተባልን። ሴቷ ልጄ ተወለደች። በ2011 ለእረፍት መጣ፤ ወንዱ ተወለደ። ልጄ አባቱን የሚያውቀው በስልክ ብቻ ነው። የማንም ስልክ ይሁን፣ ሲጠራ ከሰማ «አባዬ!» ብሎ ይሮጥ ነበር። ተራችን ሊደርስ ነው ስንል ኮሮና መጣ። በመጋቢት 2012 የአሜሪካ ኤምባሲዎች መደበኛ የቪዛ አገልግሎት አቆሙ።

ከዚያ ደግሞ ኅዳር 2014 መጣ።

ኅዳር 12 የሚካኤል ዕለት ነው፤ እሁድ ነበር። በደህናው ጊዜ ሰው ሁሉ በማለዳ ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ ኅዳር ይታጠናል። የዚያን ዕለት ግን የሚያጥን ሰው አልነበረም። ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢት ተቃርቧል እየተባለ፣ ሰዉ ልጁን አዝሎ ሽቅብ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። እኔም ወንዱን አዘልኩ፣ የሴቷን እጅ ያዝኩ። እማዬ አንድ ጋቢና ድፎ ዳቦ ያዘች። በቃ፣ ወጣን።

ሰማያዊው ክላሰር ትዝ ያለኝ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን፣ የተክሊሉ ወረቀት፣ የሁለቱ ልጆች የልደት ሰርተፍኬት፣ የሠርግ ፎቶዎቹ፣ ባለቤቴ ብር የላከባቸው ደረሰኞች፤ ሁሉም ቁምሳጥን ውስጥ ቀርተዋል። ምትክ አወጣለሁ እንዳልል፣ መዝገቡ ራሱ ይትረፍ አይትረፍ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በነጋታው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ ወደቅኩ። ከተማዋን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው «ደብረ ብርሃን» ያሏት፤ ከሰማይ የወረደ ብርሃን አይተው ነው ይባላል። ያን ሰሞን ለእኔ የሚታየኝ ጨለማ ብቻ ነበር። «ሥላሴ፣ ወረቀት ነው የምለምናችሁ፣ አትታዘቡኝ» ብዬ አለቀስኩ። ሰው ልጁን አጥቶ በሚያለቅስበት ቦታ ለወረቀት ማልቀስ ያሳፍራል። ግን ለእኔ ወረቀቱ የልጆቼ አባት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። በሩ ተገንጥሏል። ቴሌቪዥን የለም፣ ፍራሽ የለም፣ ድስት እንኳ አልቀረም። ቁምሳጥኑ በግንባሩ ተደፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። እማዬ ጥቅምት ላይ ያስፈጨችው የዓመት በርበሬ ከነባልዲው ተገልብጦ ወለሉን ሞልቶታል። የጫማ ዱካ በላዩ ላይ ወዲህም ወዲያም ሄዷል።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። እማዬ ግን አላለቀሰችም። ሰፌድ ከጎረቤት ለምና መጣች፤ አፈር ያልነካውን በርበሬ ከላይ ከላይ በእጇ እየዛቀች ማጠራቀም ጀመረች። ለልጆቹ ወጥ ያስፈልጋቸዋል ብላ። ጥቂት እንደዛቀች እጇ ቆመ።

«አንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

የሰማያዊ ነገር ጫፍ ነው። ሁለታችንም ተንበረከክን። ክላሰሩ ነው። ቁምሳጥኑ ሲገለበጥ ወድቆ በርበሬው ተደፍቶበታል። ያ ሁሉ እግር በላዩ ሲሄድበት ተቀብሮ ተቀምጧል። አንድም ወረቀት አልጎደለም። በርበሬው ገብቶ የጋብቻ ወረቀቱን አንዱን ጠርዝ አቅልቶታል እንጂ ጽሑፉም ማኅተሙም ይነበባል። እኔ ማስነጠሱና ልቅሶው ተደባለቀብኝ። እማዬ እልል አለች። በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ እልል አለች!

በ2014 ፍልሰታ ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገባሁ። ሰባት ቀን። ስለቱን የተሳልኩት እዚያ ነው። ከዚያ የኢንተርቪው ቀጠሮ በኢሜይል መጣ፤ ኖቬምበር 30 ይላል። ባለቤቴ በእኛ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ቆጠረልኝ። ኅዳር 21፣ ኅዳር ጽዮን! ቀኑን ማን እንደመረጠው ለእኔ ግልጽ ነው።

ሜዲካሉ ቀድሞ አልቆ ነበር፤ ራጅ፣ ደም፣ ክትባት። እሱን አላስረዝመውም።

ከደብረ ሲና አዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ የምናድርበት ዘመድ ስለሌለን ደርሶ መልስ ለመሄድ ሚኒባስ በኮንትራት ያዝን። ሌሊት 7 ሰዓት ተነሳን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወረደ። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጉሙ ሲመጣ የገዛ እጅህ አይታይህም። ሹፌሩ ቆመ። «እህቴ፣ እስኪገልጥ እንጠብቅ፣ ገደል ነው» አለኝ። ቀጠሮዬ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። «እመብርሃን፣ በበርበሬ ሸፍነሽ ያቆየሽውን በጉም ታስቀሪዋለሽ?» አልኩ። ረዳቱ ሳይታዘዝ ወርዶ የስልኩን መብራት ይዞ ከፊታችን መራመድ ጀመረ። እስከ ዋሻው በእግሩ መራን፤ ጣሊያን የፈለፈለው ያ ዋሻ ነው። በወዲያ በኩል ስንወጣ ሰማዩ በኮከብ ተሞልቶ ነበር። የዚያን ልጅ እግር አልረሳውም፤ ሸበጥ ነበር ያደረገው።

አዲስ አበባ ስንገባ ነጠላ የለበሰ ምእመን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል። ሽሮ ሜዳ መንገድ ላይ ወረድን። ኤምባሲው ስልክ ስለማያስገባ ስልኬን ለሹፌሩ ሰጠሁት። አሻራ ሰጠን፣ ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ። ቆንስሏ ሴት ናት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስታይ የጋብቻው ላይ ቆመች። ጠርዙን አየችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ምንድን ነው ይሄ ይሉዎታል» አለኝ አስተርጓሚው።

«በርበሬ ነው» አልኩ። የሆነውን ነገርኳት። ስጀምር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እማዬና ሰፌዱ ላይ ስደርስ ተስተካከለ። ሳታቋርጠኝ ሰማች። የሠርግ ፎቶውን አንሥታ አጠገቤ የቆሙት እነማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ጎንበስ ብላ «አባትህ የት ነው?» አለችው።

«ስልክ ውስጥ» አላት።

አስተርጓሚው ለመተርጎም ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። እሷ ፎቶውን ቀስ ብላ ወደ ክላሰሩ መለሰችና ቪዛው እንደተፈቀደልን ነገረችኝ። የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ሴቷ ልጄ ናት በነጠላዬ ጫፍ እየጎተተች ያወጣችኝ።

ቪዛው ፓስፖርታችን ላይ ተለጥፎ መጥቷል። ለእያንዳንዳችን ግሪን ካርድ ማሳተሚያ 220 ዶላር ባለቤቴ ከፍሏል። አሜሪካ ስንገባ ማኅተም ሲመታበት ቪዛው ራሱ ለአንድ ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ሆኖ ያገለግላል፤ ካርዱ በኋላ በፖስታ ይመጣል።

ያን ማታ ስንመለስ ጣርማ በር ላይ ጉም አልነበረም። የደብረ ሲና መብራት ከታች ይታያል። እማዬ ደጅ ላይ ጋቢዋን ደርባ ቆማ ነበር፤ በስልክ ብነግራትም ዓይኔን ሳታይ አላመነችም። እሷን ትቼ መሄዴ ያቃጥለኛል፣ አልዋሽም። ባለፈው ሳምንት ሻንጣ ሳሰናዳ ለጋብቻው ወረቀት አዲስ ላስቲክ ልግዛለት አልኳት።

«ተዪው ልጄ፣ እንዳለ ይሂድ» አለችኝ። በርበሬው አሁንም ይሸታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።