አሮጌ ስቴሽን ዋገንን ለአስቸጋሪ መንገድ ማዘጋጀት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ለድንጋያማና ለጭቃማ መንገድ እያዘጋጀሁት ያለው መኪና የመጀመሪያው ትውልድ ሱባሩ ሌጋሲ ስቴሽን ዋገን ሲሆን፣ ሞተሩ 2.2 ሊትር፣ ካምቢዮው ማንዋል፣ አራቱም ጎማዎቹ ሁልጊዜ ኃይል የሚያገኙ ናቸው። ሥራው ገና አላለቀም፤ ነገር ግን የከፍታው፣ የጎማውና የሆድ መከላከያው ጉዳይ መልክ ስለያዘ፣ ተመሳሳይ ሥራ ለጀመራችሁም ሆነ ለመጀመር ለምታስቡ ይጠቅማል በሚል የደረስኩበትን ከነልኩ አቀርባለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ። የዚህ ዓይነት መኪና ትልቁ ሀብቱ ቅለቱ ነው፤ ከባዱ ጂፕ በጉልበትና በጠንካራ ሻሲ የሚያልፈውን ቦታ ስቴሽን ዋገን የሚያልፈው ባለመስመጡና ቀላል በመሆኑ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ለውጥ የምመዝነው ስንት ኪሎ እንደሚጨምርና ቀጥሎ ያለውን ክፍል ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በመጠየቅ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሱባሩ እ.ኤ.አ. በ1972 ሌኦኔ የተባለውን ስቴሽን ዋገን በፎር ዊል ድራይቭ ለገበያ አቅርቧል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከሌጋሲ የተወለደውን ከፍ ያለ አውትባክ አውጥቷል። ፋብሪካው ራሱ የሄደበትን መንገድ ማየት ለእኛም ይጠቅማል፤ ጎማ ስመርጥ መነሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

አዲስ ዕቃ ከመግጠም በፊት የመኪናውን ጤንነት ማየት ግድ ነው። ስቴሽን ዋገኑ የተለየ ሻሲ የለውም፤ ላሜራው ተበይዶ ራሱ ሻሲ ስለሆነ፣ ዝገት የበላው ቦታ ላይ ከፍታ መጨመር ማለት ድካም ባለበት ላይ ጫና መጨመር ማለት ነው። ምንጣፉን አንስቼ፣ የኋላ ሾክ አብዞርበሮች አናት የሚታሰርበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት፤ ቀለሙ ጤናማ በሚመስልበት በአንደኛው በኩል፣ ሁለት ላሜራዎች በሚገናኙበት ስፌት ውስጥ፣ ጠመንጃ መፍቻ ሲነካው እየተላጠ የሚነሳ ዝገት ነበረ። ያ ተቆርጦ፣ በአዲስ ላሜራ ተበይዶና ጸረ ዝገት ተቀብቶ እስኪያልቅ ድረስ ወደሚቀጥለው ሥራ አልተሻገርኩም። የደረቁትን ጎሚኒዎችና ድምፅ የሚያሰማውን የኋላ ኩሽኔታም በዚያው ቀየርኩ። ይህን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከቀረው ሥራ ሁሉ አስበልጬ የማየው እሱን ነው።

ቀጥሎ ልኬት ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሜ በመካከሉ ዝቅተኛውን ቦታ፣ ማለትም የማርሚታውን ቧንቧ፣ ስለካው ከመሬት 160 ሚሊ ሜትር ሆነ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2580 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ካሉ መኪናው ሆዱ ሳይነካ የሚሻገረውን ጉብታ በግምት ማስላት ይቻላል፤ የከፍታውን እጥፍ ለርቀቱ አካፍሎ፣ ታንጀንቱ ያ ውጤት የሆነውን አንግል በካልኩሌተር አግኝቶ በሁለት ማባዛት ነው። በፊት ወደ 14 ዲግሪ ነበረ፤ አሁን በጎማና በሞላ አካባቢ በተጨመረው 67 ሚሊ ሜትር ምክንያት ወደ 20 ዲግሪ ደርሷል። ሰው ሁሉ ከመሬት ያለውን ከፍታ ብቻ ይጠይቃል፤ ረጅም ለሆነው ስቴሽን ዋገን ግን የሚያስቸግረው ይህ የመሃል አንግልና ከኋላ ጎማ ወዲያ የተረፈው ረጅም ጭራ ነው። ጭራውን ማሳጠር ስለማይቻል የኋላ ፓራውልቱን የታችኛውን ጠርዝ ቆርጬ፣ የማርሚታውን መጨረሻ ወደ ጎን አዙሬዋለሁ።

ጎማን በተመለከተ፣ መኪናው የነበረው ልክ 185/70 አር 14 ሲሆን ቁመቱ 615 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አሁን የገጠምኩት 205/70 አር 15 ቁመቱ 668 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፍ ያለው አውትባክና የመጀመሪያው ፎሬስተርም ከተገጠሙላቸው ልኮች አንዱ ይኸው ነው። የቁመቱ ልዩነት 53 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናውን የሚያነሳው ግማሹ፣ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚህ መኪና የሞላው መቀመጫ ሳህን ከጎማው በላይ ተንጠልጥሎ ስለሚገኝ፣ ጎማው ሲያድግ ወደ ሳህኑ ይጠጋል፤ ሾክ አብዞርበሩና ጎማው አንድ ላይ የታሰሩ ስለሆኑም ቦዲውን የቱንም ያህል ከፍ ብታደርጉት ያ ክፍተት አይጨምርም። ስለዚህ የጎማው የመጨረሻ ልክ የሚወሰነው በፓራፋንጎው ሳይሆን በዚህ ሳህን ነው። የእኔው ጎማ ተገጥሞ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ቀርቷል፤ ጭቃ ሲደርቅበትም ስላልነካ ከዚህ በላይ መሄድ አልፈለግሁም።

ከፍታ መጨመር ብዙ ክርክር ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። የተለመደው ዘዴ በሾክ አብዞርበሩ አናትና በቦዲው መካከል ወፍራም የአሉሚኒየም ቁራጭ ማስገባት ነው። ይህ ሞላውን አይለውጥም፣ የጉዞ ርዝመቱንም አይጨምርም፤ የሚያደርገው ቦዲውን ከጎማው ማራቅ ነው። ቦዲው ሲርቅ ግን ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አብረውት ስለሚነሱ፣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱት አጫጭር ዘንጎች ወደ ታች ያዘነብላሉ። በሁለቱ መገጣጠሚያዎች መካከል 35 ሳንቲ ሜትር ያለው ዘንግ ብንወስድ፣ 40 ሚሊ ሜትር ማንሳት 6.5 ዲግሪ ያህል፣ 75 ሚሊ ሜትር ማንሳት ደግሞ 12 ዲግሪ ያህል ይጨምርበታል። በጎማው በኩል ያለው መገጣጠሚያ መሪ ሲጠመዘዝ አብሮ እንዲታጠፍ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ይችላል፤ በካምቢዮው በኩል ያለው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚታገሠው።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የሚሠራው፣ ሞተሩን የተሸከመውን ክሮስሜምበርና የኋላውን ዲፈረንሻል በተመሳሳይ መጠን ወደ ታች ማውረድ ነው። ዘንጉ ወደ ቀድሞ አንግሉ ይመለሳል፤ ነገር ግን የሞተሩ ሆድ የተነሳውን ያህል ስለወረደ ድንጋይ የሚያገኘው ዋናው ቦታ ቀድሞ ከነበረበት አልተነሳም ማለት ነው። ከውጭ የሚያየው ሰው ከፍ ያለ መኪና ያያል፤ ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ግን ትርፍ የሚያገኘው ከጎማው ብቻ ነው። ክሮስሜምበሩን ማውረድ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ለሚያነሳና ለሰፊ ጎማ ቦታ ለሚፈልግ ሰው ምክንያታዊ ነው። እኔ 40 ሚሊ ሜትር ላይ ቆሜ ምንም ሳላወርድ መቅረትን መረጥኩ፤ ሆዱም በእርግጥ ተነሣ።

ያም ቢሆን መፈተን ነበረበት። መኪናውን በክሪክ አንስቼ በጠንካራ ማቆሚያዎች ላይ ካሳረፍኩ በኋላ፣ ጎማዎቹን አውልቄ ተንጠልጥለው በሚቀሩበት ሁኔታ ፈተሽኩ። ካምቢዮውን ዜሮ ላይ አድርጌ ዲስኩን በእጅ ቀስ ብዬ ሳዞር፣ መገጣጠሚያው ያለ ጉተታ ሊዞር ይገባዋል፤ በአንድ ቦታ ያዝ ለቀቅ የሚል ስሜት ካለ አንግሉ አልፏል ማለት ነው። የላስቲክ ሽፋኑን እጥፋቶችም ማየት ያስፈልጋል፤ በታችኛው በኩል እርስ በርስ ተጣብቀው ከተፋተጉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቀደዳሉ፣ ግራሶውም በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይረጫል። የእኔዎቹ በነፃነት ዞሩ። በዚያው አቋም የፍሬን ጎማ ቱቦዎች መሪው ወደ ሁለቱም ጥግ ሲዞር እንዳይወጠሩ አረጋግጫለሁ።

ከፍታው ሌላም ያዛባል። የፊት ጎማዎች አናታቸው ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል፣ ሾክ አብዞርበሩን ከጎማው ጋር በሚያስረው የላይኛው ቡሎን ማስተካከልና አላይመንት ማሠራት የግድ ነው። የኋላ ጎማ ደግሞ ከፊቱ ባለው ርዝመታዊ ዘንግ የተያዘ ስለሆነ፣ ዘንጉ ወደ ታች ባዘነበለ ቁጥር ጎማው ወደ ፊት ይሳባል፤ ትልቁ ጎማም የፓራፋንጎውን የፊት ጠርዝ መንካት ይጀምራል። የዘንጉን የፊት መያዣ ዝቅ የሚያደርግ ቅንፍ ከወፍራም ብረት አሠርቼ ገጥሜያለሁ፤ አሁን ጎማው መሃል ላይ ነው።

የሆድ መከላከያውን ከ5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሠራሁት። 3 ሚሊ ሜትር ብረት በስኩዌር ሜትር 23.5 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ 5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም 13.5 ኪሎ ነው፤ ይህ ክብደት የሚንጠለጠለው ደግሞ ከፊት ዘንግ ፊት ለፊት፣ መኪናው አስቀድሞ ከባድ በሆነበት ቦታ ነው። ብረት በድንጋይ ላይ ይበልጥ ይንሸራተታል፣ አሉሚኒየም ይፋቃል፤ የምሄድበት መንገድ ሁልጊዜ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ብረቱን እመርጥ ነበር። የዚህ መኪና ሞተር ሲሊንደሮቹ በአግድም የተኙ ስለሆኑና የጭስ ቧንቧዎቹ ከሥራቸው ስለሚወጡ፣ ላሜራው ከእነሱ ርቆ አየር ማሳለፊያ ሊኖረው ይገባል። በረጅም ደረቅ ሣር ውስጥ ከነዱ በኋላ ሁልጊዜ ማየት ያለባችሁ ቦታም ይኸው ነው፤ በላሜራውና በጋለው ቧንቧ መካከል የተጠቀጠቀ ሣር እሳት ያስነሳል። ለዘይት ማፍሰሻው ቀዳዳ የተውኩትም ላሜራውን ሳላወልቅ ዘይት ለመቀየርና ሣሩን በሽቦ ለመጎርጎር ነው።

በኃይል ማስተላለፊያው በኩል ትልቁ ድክመት ከባድ ማርሽ፣ ማለትም መኪናውን አዘግይቶ ጉልበት የሚጨምር ተጨማሪ ማርሽ፣ አለመኖሩ ነው። በአንዳንድ አገሮች የተሸጡ ማንዋል ሱባሩዎች ሁለተኛ ማንሻ አላቸው፤ የሚያዘገየው ግን እንደ ሞዴሉ ከ1.2 እስከ 1.6 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። የእኔው ይህም የለውም፤ በዚያ ላይ ጎማው በመቶኛ ወደ 8.7 ስላደገ አንደኛ ማርሽ ረዝሟል። ቆጣሪው 100 ሲል ትክክለኛው ፍጥነት 108 ከግማሽ በላይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ዳገት ላይ ፍሪሲዮንን ግማሽ እየረገጡ ከመጎተት፣ ቆሞ መንገዱን በእግር አይቶ፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ሙሉ ለቆ በአንድ ትንፋሽ መውጣት ይሻላል። ሁለት ጎማዎች በሰያፍ ሲንጠለጠሉ ኃይሉ በአየር ላይ በሚሽከረከሩት በኩል ይጠፋል፤ የእጅ ፍሬኑን በልኩ መሳብ የሚሽከረከረውን የኋላ ጎማ ስለሚይዝ፣ ከፊሉ ኃይል መሬት ወደያዘው ይመለሳል። ይህ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው።

የጎማ ነፋስ መቀነስ ምንም ክብደት ሳይጨምር ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነገር ነው። በአስፋልት 2.2 ባር የምነዳውን በአሸዋ ላይ ወደ 1.2 ባር አወርደዋለሁ፤ ጎማው ይረዝምና መሬቱን በሰፊው ይይዛል። በዚህ ነፋስ መፍጠን፣ መሪን በድንገት መጠምዘዝና በሹል ድንጋይ ላይ መውጣት አይገባም። መንፊያ መኪናው ውስጥ ከሌለ ደግሞ ነፋሱን ባይቀንሱት ይሻላል።

ስለ ውኃ አጭር ነገር ልበል። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በዘይት ማገጃ ላስቲኮቹ በኩል ውኃ ይስባል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ የሆነው ይህ ነው። የመተንፈሻውን ቀዳዳ በቀጭን ጎማ ቱቦ ወደ ላይ፣ የነዳጅ መሙያው አጠገብ አውጥቼዋለሁ።

አሁን የቀረኝ የኋላ ሞላና ፍሬን ነው። ተቀያሪ ጎማው ከቦታው ስለማይገባ በጭነት ክፍሉ ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ወለሉ ላይ በጠንካራ ቀበቶ አስሬዋለሁ፤ ጣሪያ ላይ መጫን መኪናውን ጎን ለጎን ያወዛውዘዋል። ይህ ጎማ፣ ውኃና መሣሪያ ሲደመሩ ኋላው ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በሞላ አካባቢ ካነሳሁት 40 ሚሊ ሜትር ከግማሽ በላይ ይበላል። ጠንካራ ሞላ ቢገባ ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የማደርገው ጭነቱን አንድ በአንድ መዝኖ የማያስፈልገውን ማውጣት ነው። በዚህ መኪና ላይ በመጠኑ የጠነከረ የኋላ ሞላ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ በባዶና በጭነት ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ልክ ብታካፍሉኝ፣ ከመግዛቴ በፊት ከራሴ ልኬት ጋር አስተያየዋለሁ።