ቆሮሶ በፈረንሳይ ወግ

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን፣ ከቢቸና ልትጠይቀኝ የመጣችውን እናቴን ይዤ ባሕር ዳር ውስጥ የፈረንሳይ ምግብ ወደሚያቀርብ አንድ አነስተኛ ምግብ ቤት ሄጄ ነበር። ለምግብ ያለኝ ፍቅር ከእርሷ ጓዳ የጀመረ በመሆኑ ፍርዷን ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

በመጀመሪያ የሽንኩርት ሾርባ ቀረበልን። ሽንኩርቱ በቀጭኑ ተከትፎ፣ በለዘብተኛ እሳት በቅቤ እየተማሰለ ቡናማ እስኪሆን ከበሰለ በኋላ መረቅ ይጨመርበትና፣ ከላይ የተጠበሰ ዳቦና አይብ ተደርጎበት አይቡ እስኪቀልጥ ምድጃ ውስጥ ይገባል። እናቴ አንድ ማንኪያ ቀምሳ፣ «ቁሌቱስ በስሏል፤ በርበሬውን ግን ረስተውታል» አለች። ብስቅም ነገሩ እውነትነት አለው፤ እርሷ ሽንኩርቱን ቅባት ሳይነካው በደረቁ ታቁላላለች፣ እነርሱ በቅቤ ይጀምራሉ እንጂ፣ ሁለቱም ሽንኩርትን በትዕግሥት ማብሰልን ያውቁበታል።

ቀጥሎ የመጣው «ሙኒዬር» በተባለው አሠራር የተዘጋጀ የጣና ቆሮሶ ነበር። ስሙ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሚስት ማለት ነው፤ ዓሣው ዱቄት ተነስንሶበት በቅቤ ይጠበስና ሎሚና ፐርሰሜሎ ይጨመርበታል። ፈረንሳዮቹ ለዚህ ሶል የተባለውን የባሕር ዓሣ ይመርጣሉ፤ ለእኔ ግን ቆሮሶው አላነሰብኝም፣ ያነሰው መጠኑ ብቻ ነበር።

የፈረንሳዮች የማዕድ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው ለወጥ አሠራሩ ብቻ ሳይሆን አብሮ ለመብላቱም ጭምር መሆኑን ስነግራት፣ እናቴ ሹካዋን አስቀምጣ ከዓሣው ቆረሰችና በእጇ አጎረሰችኝ።