የለንደን የግል ትምህርት ቤት፣ በርሰሪውና የእቁቤ 6,000 ፓውንድ

የለንደን የግል ትምህርት ቤቶችን ክፍያ ድረ ገጻቸው ላይ አይቶ ገጹን ቶሎ ብሎ ያልዘጋ ሐበሻ ካለ ብተዋወቀው ደስ ይለኛል። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያን እንከባከባለሁ። የምንኖረው ካምደን ውስጥ በካውንስል ቤት (የአካባቢው መስተዳድር በሚያከራየው) ነው። ለአንድ ልጅ በዓመት 24,000 ፓውንድ ሲሉኝ ስልኩን ገለበጥኩት። ነገሩን እንደገና ያነሳሳችው ዪር ፋይቭ (አምስተኛ ዓመት) ላይ ልጄን ታስተምራት የነበረችው መምህርት ናት። «በርሰሪ የሚባል አለ፣ ጠይቁ እንጂ» አለችኝ።

ስኮላርሺፕ ሲባል ብዙዎቻችን ሙሉውን የሚከፍል ይመስለናል። እዚህ ስኮላርሺፕ በጉብዝና የሚሰጥ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሰው ጥቂት በመቶ ነው። ቤተሰቡ አቅም የሌለው ልጅ የሚገባው በበርሰሪ ነው፤ እሱ የቤተሰብ ገቢ ታይቶ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ጋ መቶ በመቶ ይደርሳል። ሀመርስሚዝ ያለው ላቲመር አፐር በዚህ ስሙ ይነሳል። (ኤድመንተን ያለው ላቲመር ሌላ ነው። እሱ ተማሪ በፈተና የሚመርጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት (ግራመር ስኩል) ስለሆነ ክፍያ የለውም። ሁለቱም ኤድዋርድ ላቲመር በ1624 ከተወው ኑዛዜ የመጡ በመሆናቸው ሰው ሲያምታታቸው እሰማለሁ።)

የመግቢያ ፈተናው ኢለቨን ፕላስ ይባላል፤ ልጆች ሰከንደሪ (ሁለተኛ ደረጃ) ለመግባት የሚፈተኑት ነው። ሂሳብ፣ እንግሊዝኛና ሪዝኒንግ (የማመዛዘን ጥያቄዎች) አለው፤ የመንግሥት ፕራይመሪ (አንደኛ ደረጃ) ደግሞ ለዚህ ብሎ አያዘጋጅም። አስጠኚ በሰዓት 40ም 50ም ፓውንድ ስለሚጠይቅ እኛ የመልመጃ መጻሕፍት ከላይብረሪና ከቻሪቲ ሱቅ ለቃቀምን። ባለቤቴ በእረፍት ቀኑ ሰዓት እየያዘ ይፈትናት ነበር። የማያውቀው ቃል ሲመጣ ሁለቱም መዝገበ ቃላት ላይ ይሻማሉ።

ኦፕን ደይ (ትምህርት ቤቱ ለጎብኚ ወላጆች የሚከፈትበት ቀን) ላይ የሚያስጎበኙት የመዋኛ ገንዳና ቲያትር ቤት ያምራል። እኔ ግን ዐይኔን በጨው አጥቤ ወደ ገንዘብ ክፍሉ ሄድኩ። በርሰሪው ዩኒፎርም፣ ምሳ፣ ጉዞና ላፕቶፕ ይጨምራል ወይ? አንዱ ጋ «ሁሉንም» አሉኝ። ሌላው ጋ ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የውጭ አገር ጉዞው ለብቻው እንደሚከፈል ነገረችኝ። ይህንን ሳይጠይቁ መግባት፣ ጓደኞቿ ስኪ (የበረዶ ሸርተቴ) ሲሄዱ ልጅን ቤት ለማስቀረት መፈረም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከሥጋና ከወተት ነጻ የሆነ ምሳ በየቀኑ ይኖር እንደሆነም ጠየቅኩ። ወጥ ቤቱ ቪጋን የለመደ ስለሆነ እሱ ቀላል ሆነ።

ዋናው ነገር የመጣው ፈተናውን ካለፈች በኋላ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የቤተሰብን አቅም የሚያጣራ ሰው ቤት ድረስ ይልካሉ። የመጣችው ሴትዮ ላፕቶፗን ጠረጴዛችን ላይ ዘርግታ የደመወዝ ወረቀት፣ ፒ ሲክስቲ (የዓመቱን ደመወዝና ግብር የሚያሳይ ወረቀት)፣ የቤት ኪራይ ውልና የባንክ ስቴትመንት አንድ በአንድ አየች። ቡናውን ጠጣች፣ ዳቦውን አልነካችም። እስከዚያ ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ ጣቷን ኦክቶበር ላይ አሳረፈች። 6,000 ፓውንድ ገቢ ሆኗል።

«ይህ ምንድነው?»

እቁብ ደርሶኝ ነበር። 20 ሰዎች በወር 300 ፓውንድ እንደምንጥል፣ ዕጣ እንደምናወጣ፣ የደረሰው ጠቅላላውን እንደሚወስድ አስረዳኋት።

«ወለዱ ስንት ነው?»

«ወለድ የለውም።»

«ውሉን ማየት እችላለሁ?»

«ውልም የለውም።»

መጻፍ አቁማ አየችኝ። ስታስበው እውነቷን ነው፤ 20 ሰው ያለ ውል 6,000 ፓውንድ ተሸክሞ በየወሩ ይዞራል ቢባል ማን ያምናል? የገባው የራሴ ቁጠባ እንጂ ገቢ አለመሆኑን ለማሳየት በየወሩ የወጣውን 300 ከስቴትመንቱ ላይ እያሳየሁ ከሷ ጋር አብረን ደመርን። ከእቁቡ ዳኛም ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠየቀችኝ። ለዳኛችን ለጋሼ ስደውልላቸው ሳቃቸው ሊያቆም አልቻለም። «አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝን ደግሞ እቁብ ልታስገቢያት ነው?» አሉኝ። በማግስቱ ግን ወሮቹን ዘርዝረው፣ ፈርመው ላኩልኝ።

ለእናቴ በየወሩ የምልከውን 120 ፓውንድም አንስታለች። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት መግዣ እንደሆነ ጻፈችልኝ፤ ሆኖም ትምህርት ቤቱ በፈቃድ የሚወጣ ወጪ አድርጎ ስለሚያየው ከገቢ አልተቀነሰም። ደሴ ያለውን፣ ከወንድሞቼ ጋር ገና ያልተከፋፈልነውን የውርስ ቤትም አስመዘገብኩ። «ማን ያውቅብሻል፣ ዝም በይ» ያሉኝ ነበሩ። ቆይቶ ቢታወቅ በርሰሪው ይነሳና ልጅቷ በዓመቱ መሀል ከጓደኞቿ ተነጥላ ትወጣለች። ያንን ዕዳ እኔ አልሸከምም።

መልሱ በፌብሩዋሪ 2024 መጣ። ሁሉም የሚያውቀው ትልቁ ትምህርት ቤት ግማሽ በርሰሪ ሰጣት። ሌላው፣ ሰፈራችን ውስጥ ስሙን የሰማ ሰው የሌለው፣ 95 በመቶ። ለትልቁ በዓመት 12,000 መክፈል በወር 1,000 ማለት ነው፤ ያውም በየዓመቱ ከሚጨምረው ጋር። ዘመድ ሁሉ «ስሙን ነው እንጂ!» ይለን ነበር። ስም የቤት ኪራይ አይከፍልም ብለን ትንሹን ያዝን። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ቫት ሲጣል፣ ግማሽ እየከፈሉ ያስገቡ ጓደኞቻችን ምን ያህል እንደተጨነቁ አይተናል።

ገብታ ነው ሌላውን ያየነው። የግል ትምህርት ቤት እረፍቱ ረጅም ነው። የእሷ የኦክቶበር እረፍት ሁለት ሳምንት፣ ስቴት ስኩል (የመንግሥት ትምህርት ቤት) ያለው የታናሽ ወንድሟ አንድ። በጋም ላይ እሷ ቀድማው ትዘጋለች። ቤት የሚውል ሰው እንዲኖር እኔና ባለቤቴ ፈረቃ ስንቀያየር እንከርማለን። ኔትቦል ጨዋታ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ትምህርቷም ቅዳሜ ጠዋት። አሰልጣኟን አነጋግረን በየሁለት ሳምንቱ እንድትጫወት ተስማማን። አማርኛ አስተማሪዋ እስካሁን አኩርፋኛለች። አውቶቡሱ በዚፕ ካርዷ (የለንደን ልጆች የጉዞ ካርድ) ነጻ ነው፤ መንገዱ ግን ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ክረምት በጨለማ ወጥታ በጨለማ ትመለሳለች።

በርሰሪው በየዓመቱ እንደገና ይገመገማል። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ኦቨርታይም አብዝቶ ስለነበር የእኛ ድርሻ ከ5 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። አሁን ኦቨርታይም ሲጠራ መጀመሪያ ካልኩሌተር ነው የሚያነሳው። እሷ ግን ደስተኛ ናት፤ ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ጓንት አድርጋ የተነሳችውን ፎቶ አያቷ ጋ ልካ፣ አያቷ «ዶክተር ሆነች» ብለው ለሰፈሩ ነግረዋል።

ታናሹ አሁን ዪር ሲክስ፣ የፕራይመሪ መጨረሻ ዓመት ላይ ነው። ለእሱ የግል ትምህርት ቤት አልጠየቅንም። ከቤታችን አምስት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ጥሩ ስቴት ሰከንደሪ አለ፣ ጓደኞቹም እዚያው ናቸው፤ እሱ ራሱ ኦፕን ደይ ላይ የጠየቀው የኳስ ሜዳው ሣር ነው ወይስ ፕላስቲክ የሚለውን ብቻ ነው። ማመልከቻው ኦክቶበር 31 ይዘጋል። ከስድስቱ የትምህርት ቤት ምርጫ አንደኛው ላይ ያንን ትምህርት ቤት ሞልተናል።