ልጅ አልበላም ሲል፦ ከሳህኑ ይልቅ ሚዛኑ

ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀሯት ልጄ ምግብ መግፋት ከጀመረች ሰንብታለች። ቀድሞ ማንኪያው ከሳህኑ ሳይነሳ አፏን ትከፍት የነበረችው ልጅ፣ አሁን ሁለት ጉርሻ ትውጥና ሦስተኛውን በጉንጯ ይዛ ትቀመጣለች፤ ዘወር ስንልላትም በምላሷ እየገፋች ወደ አገጯ ታወርደዋለች። ሱሪዋ ወገቧ ላይ የላላ ይመስለኛል፤ ገላዋን ሳጥባትም የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። እናቴ «ይህች ልጅ ከስታለች» ባለች ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሐኪሟን ካማከርኩና ስለ ጉዳዩ የሚነበበውን ካነበብኩ ወዲህ ግን፣ በየማዕዱ ሳህኑን ከመቁጠር ይልቅ በየወሩ ሚዛኑን መከታተል ይበልጥ እንደሚጠቅም አምኛለሁ፤ እዚህ የማሰፍረውም ለምን እንደሆነ ነው።

የመጀመሪያው ልደት ካለፈ በኋላ የምግብ ፍላጎት መቀነሱ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ የሚታይ፣ ምክንያትም ያለው ነገር ነው። በአማካይ 3.3 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን አንድ ዓመት ሲሞላው ክብደቱ ወደ ሦስት እጥፍ ያድግና ከ9 ኪሎ ግራም በላይ ይደርሳል፤ ቁመቱም በዚያው ዓመት ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። በሁለተኛው ዓመት ግን ክብደቱ የሚጨምረው 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ቁመቱም 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ 5 ዓመት ድረስ ክብደቱ በየዓመቱ 2 ኪሎ ግራም አካባቢ ይጨምራል። ዕድገቱ እንዲህ ሲቀዘቅዝ ሆድም አብሮ ይቀዘቅዛል። በዚህ ላይ ልጁ መቆምና መሮጥ ስለሚጀምር የሕፃንነቱ ስብ ይቀንሳል፤ ሰውነቱም ይመዘዛል። ድቡልቡል የነበረ ልጅ ቀጠን ሲል ለሚያየው ሁሉ የከሳ ይመስላል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ጨምሮ ይገኛል። ያልለመዱትን ምግብ መፍራትም የሚበረታው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሆነ፣ ፍላጎቱ በቀነሰበት ወቅት ምርጫው ደግሞ ይጠባል።

ዓይን በዚህ ጉዳይ ታማኝ ምስክር አይደለም፤ ሚዛንም ቢሆን የሚታመነው በአግባቡ ሲያዝ ነው። ልጄ «ግማሽ ኪሎ ቀንሳለች» የተባለችው በአንድ ክሊኒክ ጃኬቷንና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በሌላው ደግሞ በዳይፐር ብቻ ተመዝና ነበር፤ ሁለቱ ቁጥሮች በካርዷ ላይ ተከታትለው ሲጻፉ ስለ ልብሱ ያነሳ ማንም አልነበረም። አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ያህል የጠጣች ልጅ ወዲያውኑ 200 ግራም ገደማ ትከብዳለች፤ የራሰ ዳይፐርም የራሱ ክብደት አለው። ሒሳቡ ሲሠራ ደግሞ በሁለተኛው ዓመቷ 2.5 ኪሎ ግራም የምትጨምር ልጅ በወር የሚደርሳት 200 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በቤት ሚዛን ልጅን አቅፎ ከተመዘኑ በኋላ የራስን ክብደት መቀነስ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ሆኖም በዚህ መንገድ የአንድና የሁለት መቶ ግራም ስሕተት በቀላሉ ስለሚፈጠር፣ የወሩ ዕድገት በሙሉ በስሕተቱ ውስጥ ተውጦ ሊቀር ይችላል። በየሳምንቱ እየመዘኑ መደንገጥ ወይም መደሰት ትርጉም የማይኖረውም ለዚህ ነው። የሚሻለው በአንድ ሚዛን፣ ከተቻለ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያለ ልብስ ወይም በደረቅ ዳይፐር ብቻ መዝኖ፣ ውጤቱን በወራት ልዩነት ማነጻጸር ነው።

የልጁ ክብደት የሚነጻጸርበት የዕድገት ሰንጠረዥም የዘፈቀደ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የልጆች ዕድገት መለኪያ የተዘጋጀው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የሚኖሩ፣ ጡት የጠቡና በደህና ሁኔታ ያደጉ ልጆችን በመከታተል ነው፤ በዚያ ጥናት ለእኔ ትልቁ ግኝት፣ በአግባቡ የተመገቡና ጤናቸው የተጠበቀ ትንንሽ ልጆች የትም ይወለዱ የት ቁመታቸው በሚያስገርም ሁኔታ ተቀራራቢ ሆኖ መገኘቱ ነው። በሰንጠረዡ ላይ የእኩዮቹ ክብደት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው በተለያዩ መስመሮች ተሰምሯል፤ በቅድሚያ የሚታየውም ልጁ የራሱን መስመር ይዞ መሄዱ ነው። ከታችኞቹ መስመሮች በአንዱ ላይ ሳይዛነፍ የሚጓዝ ቀጭን ልጅ፣ ከላይኛው መስመር ተነስቶ በጥቂት ወራት ሁለት መስመር ቁልቁል ካቋረጠ ወፍራም ልጅ ያነሰ ያሳስባል። ሐኪሟ ልጄን እንደገና ራቁቷን አስመዝነው አዲሱን ነጥብ በእርሳስ ካስቀመጡ በኋላ፣ ማስመሪያቸውን አስጠግተው መስመሩ ጋደም ብሏል እንጂ እንዳልወረደ አሳዩኝ። ይህ ግን «ደህና ናት፣ ሂዱ» ማለት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ማደግ ስላለበት፣ ክብደቱ ለሁለትና ለሦስት ወራት ባለበት ከቆመ መመርመር ይኖርበታል፤ በእርግጥም ከቀነሰ ደግሞ ቶሎ መታየት አለበት።

ከሚዛን ሌላ በጤና ተቋማት የሚሠራበት ቀላል መለኪያ የላይኛው ክንድ ዙሪያ ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ባለው ልጅ ላይ ይህ ልኬት ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ መካከለኛ፣ ከ11.5 ሲያንስ ደግሞ ከባድ የተመጣጠነ ምግብ እጥረትን ያመለክታል። ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ልጅ ግን ሚዛኑ ምንም ይበል ምን ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ በሰውነቱ የተጠራቀመው ውኃ ክብደቱን ደህና አስመስሎ ያሳያልና።

በምርመራው ዕለት የጠበቅሁት ስለ ምግብ እንድጠየቅ ነበር፤ ሐኪሟ ግን የጀመሩት ከወተት ነው። በቀን ስንት ጡጦ ትጠጣለች? ሌሊትስ? ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቀን ከግማሽ ሊትር እምብዛም ያልበለጠ ወተት ይበቃዋል፤ ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ትንሹ ሆድ በወተት ይሞላና ለምግብ ቦታ አይተርፍም። የላም ወተት ብረት የለውም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጥቂት ብቻ ስለሚይዝ፣ ከሌላ ምግብ የሚገኘው ብረትም እንዳይመጠጥ ስለሚያውክ፣ ወተት የሚያዘወትር ልጅ ለብረት እጥረት ይጋለጣል። የብረት እጥረት ደግሞ ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ልጁ ምግብ እንቢ ሲል ወላጅ «ቢያንስ ወተቱን ይጠጣ» ይላል፣ እጥረቱም ይብሳል። የእኔ ልጅ ደም ተመርምሮ ብረቷ አነስ ብሎ በመገኘቱ ሽሮፕ ታዞላታል። ይህ መድኃኒት መጠኑ ካለፈ ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ፣ ሳይመረመሩና ሳይታዘዝ ገዝቶ መስጠት አይገባም፤ ጠርሙሱም ልጅ በማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ከወተት ቀጥሎ የተጠየቅሁት ስለ ሰገራዋ ነበር። የሆድ ድርቀት ያለበት ልጅ ሆዱ ስለሚነፋ መብላት አይፈልግም፤ ብዙ ወላጆች ግን ሁለቱን ነገሮች አያገናኟቸውም። የአፍ ቁስል፣ የጉሮሮና የጆሮ ሕመም፣ ጥርስ ማብቀል፣ የሆድ ትላትልና ጂያርዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋሲ፣ ትኩሳት እንኳ ሳያሳይ ሊቆይ የሚችል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሴሊያክ የተባለው ሕመም፣ ረጅም ሳል ያለበት ከሆነም ሳንባ ነቀርሳ ሁሉም ሊታሰቡ ይገባል። ልጁ ክብደት እየቀነሰ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣና ቶሎ ቶሎ የሚሸና ከሆነ ግን ነገሩ የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ለነገ ሳይባል በዚያው ቀን የደም ስኳሩ መታየት አለበት።

ልጅን አስገድዶ ስለ ማብላት የማምነውን በግልጽ ልናገር። የልጆችን አመጋገብ ያጠናችው ተመራማሪ ሊያን በርችና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 15 ልጆች የሚበሉትን ቀኑን ሙሉ ሲለኩ፣ አንዱ ማዕድ ከሌላው እጅግ እንደሚለያይ፣ የቀኑ ድምር ግን ከቀን ቀን በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ከፍና ዝቅ እንደሚል አግኝተዋል፤ ቁርስ ላይ የጎደለው በኋለኛው ማዕድ ይካካስ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ፣ አሜሪካዊቷ ሐኪም ክላራ ዴቪስ 15 ሕፃናት ከፊታቸው ከሚቀርበው ምግብ ራሳቸው መርጠው እንዲበሉ አድርጋ ነበር። ነርሶቹ ማንኪያ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሕፃኑ ወደ አንዱ ሳህን እጁን ካልዘረጋ በቀር አያጎርሱትም። ሁሉም ልጆች በደህና አደጉ። ይህን ሙከራ «ልጅ የሚበጀውን ያውቃል» ለማለት የሚጠቅሱት ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ በገበታው ላይ ስኳርም ሆነ በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ አልነበረም፣ ምርጫው በሙሉ ከደህና ምግብ መካከል ነበር። ዴቪስ ራሷም የሙከራው ምሥጢር በምግቦቹ ዝርዝር ላይ መሆኑን ተናግራለች። እኔም ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ መወሰን የወላጅ፣ ምን ያህል እንደሚበላ መወሰን ግን የልጁ ድርሻ ነው የሚለውን አሠራር የተቀበልኩት በዚህ ምክንያት ነው። አፍንጫ ይዞ ወይም እጅ አስሮ ማጉረስ ምግብ ወደ ሳንባ እንዲገባ ሊያደርግ ከመቻሉም በላይ፣ ልጁ ሳህን ባየ ቁጥር እንዲሸሽ ያስተምረዋል።

በቤታችን አሁን የምግብ ሰዓት በሁለት ሰዓት ተኩልና በሦስት ሰዓት ልዩነት ነው፤ በመካከል የሚሰጣት ውኃ ብቻ ሲሆን፣ ወተቷን በጡጦ ፋንታ በኩባያ፣ ያውም ከምግብ በኋላ ትጠጣለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳህኑ ይነሳል። የምታገኘው ጉርሻ ጥቂት ስለሆነ፣ ጥቂቱ ኃይል እንዲኖረው ዘይት፣ እንቁላል ወይም በደንብ የላመ ለውዝ እንጨምርበታለን፤ ያልተፈጨ ለውዝ ግን ለትንንሽ ልጆች ስለሚያንቅ አይሰጥም። እንቢ ያለችውን ምግብም በትንሹ እየደጋገምን እናቀርባለን፤ አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው እንደሚችል ስለሚታወቅ፣ ሁለት ጊዜ የተተፋ ምግብ ተጠላ ተብሎ አይቀርም። በስልክ ቪዲዮ እያሳዩ ማጉረስ ይሠራል፤ ችግሩም መሥራቱ ነው፤ ልጅቷ ምን እንደዋጠች፣ መቼ እንደጠገበች ሳታውቅ ሳህኑ ያልቃል። የምግብ ፍላጎት ይከፍታሉ የሚባሉት ሽሮፖችም አንዳንዶቹ የሚያስተኛ የአለርጂ መድኃኒት ያለባቸው ስለሆኑ፣ ጎረቤት ስለመከረ ብቻ አልሰጣትም።

የሚዛን ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውም ምልክቶች አሉ። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የፈዘዘ ወይም ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ልጅ፣ እንዲሁም ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሽንት ያልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው ሕፃን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ለልጄ ቀጣይ ቀጠሮ የምትበላውንም የምትጠጣውንም ለሦስት ተከታታይ ቀናት በወረቀት እንድመዘግብ ታዝዣለሁ፤ ከአክስቷ እጅ የምታገኘው ብስኩትና ጭማቂም ሳይቀር ይጻፋል። በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ሰዓት፣ ያለ ልብስ ትመዘናለች። መስመሩ አሁንም ጋደም ብሎ ከተገኘ ሽንቷና ሰገራዋ እንደሚመረመር፣ የሴሊያክ የደም ምርመራም እንደሚታከል ሐኪሟ ነግረውናል፤ ከፍ ካለ ደግሞ የብረት ሽሮፑን እስኪያልቅ ትቀጥልና ደሟ እንደገና ይታያል።