ለባለአክሲዮን የምሥራች፣ ለባለቦንድ መርዶ

ሰንጋ ተራ አካባቢ ባሉት ካፌዎች የባንክ ወሬ ሲነሣ የሚቀድመው ጥያቄ «ዘንድሮ ትርፉ ስንት ነው?» የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲከፈትም ቀድሞ የተመዘገበው የወጋገን ባንክ አክሲዮን ነበርና፣ ዜናን በአክሲዮን ዓይን ማንበባችን አይገርምም። የኩባንያ ቦንድ ላይ ግን ይኸው አነባበብ ያሳስታል።

ባለቦንድ አበዳሪ ነው። የድርጅቱ ትርፍ እጥፍ ቢሆን የሚያገኘው ያንኑ በውሉ የተጻፈውን ወለድና ዋናውን ገንዘብ ነው፤ ድርጅቱ ከወደቀ ግን ሁሉም ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ መልካም ዜና ዋጋውን ፈቀቅ ያደርገዋል፣ ክፉው ይዞት ይወርዳል። መጠየቅ ያለበት ያለመክፈል ዕድሉ ምን ያህል እንደተለወጠና ባይከፍል ከንብረቱ ምን እንደሚተርፍ ነው።

በቁጥር እንየው። በዓመት ያለመክፈል ዕድሉ 4 በመቶ ነው እንበል፤ ከከሰረ ደግሞ ግማሹ ገንዘብ ይመለሳል። ገዢው ከመንግሥት ቦንድ በላይ ቢያንስ 2 በመቶ (የ4ቱን ግማሽ) ይጠይቃል። ዜናው ዕድሉን ወደ 8 በመቶ ካደረሰው ጭማሪው 4 በመቶ ይሆናል፤ የሚጠየቀው ጠቅላላ ወለድም በ2 ነጥብ ይወጣል። በ15 በመቶ ወለድ የወጣ፣ 5 ዓመት የቀረው የ1,000 ብር ቦንድ 17 በመቶ ሲጠየቅበት ዋጋው ወደ 936 ብር ይወርዳል። 1 ዓመት ብቻ የቀረው ግን 983 ብር ገደማ ያወጣል። ድርጅቱ የኪሳራ አፋፍ ላይ ከደረሰ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ያኔ ረጅሙም አጭሩም ይተርፋል ወደተባለው ገንዘብ ይጠጋል።

የአክሲዮንና የቦንድን መለያየት ከአሜሪካው የትምባሆና የምግብ ኩባንያ ከአር.ጄ.አር. ናቢስኮ የተሻለ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1988 የኩባንያው ኃላፊዎች በብድር ገንዘብ አክሲዮኑን በሙሉ ለመግዛት ለአንዱ አክሲዮን 75 ዶላር አቀረቡ። 56 ዶላር አካባቢ የነበረው አክሲዮን ወደ 77 ዘለለ፤ ቦንዶቹ ግን ከዋጋቸው አንድ አምስተኛ ያህል አጡ፤ የብድሩ ሸክም የሚያርፈው ኩባንያው ራሱ ላይ ነበርና። ቦንዱን የያዘው የመድን ኩባንያ ሜትሮፖሊታን ላይፍ ከሰሰ፣ ተረታም፤ በውሉ ላይ አዲስ ዕዳን የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም። የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን፣ ማለትም ቦንዱ ሲሸጥ ውሎቹን ዘርዝሮ የሚወጣውን ሰነድ፣ እስከ መጨረሻው ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በተቃራኒው የትርፍ ድርሻ መቀነሱ ወይም አዲስ አክሲዮን መሸጡ ባለአክሲዮንን ሲያስከፋ ባለቦንድን ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ ገንዘቡ እዚያው ቤት ይቀራልና።

የሒሳብ ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ ትርፉን አልፋችሁ ወደ ማብራሪያዎቹ ውረዱ። በ12 ወር ውስጥ የሚከፈለው ዕዳ በእጅ ካለው ጥሬ ገንዘብ ጋር ይነጻጸር። ከወለድና ከግብር በፊት ያለው ትርፍ ለወለድ ወጪው ይካፈል፤ ከ2 በታች ከወረደ እኔ መጠንቀቅ እጀምራለሁ። በዱቤ ተሸጦ ያልተሰበሰበ ገንዘብ ትርፍ ተብሎ ቢመዘገብም ወለድ አይከፍልም። ድርጅቱ ሕንፃውን ወይም ማሽኑን ለባንክ መያዣ ከሰጠ፣ መያዣ የሌለው ባለቦንድ ወረፋው ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ ይህ ዜና አንድ መስመር ሆኖ ማብራሪያ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። የኦዲተር ድንገት መልቀቅን ከታወጀ ኪሳራ ይልቅ እፈራዋለሁ፤ ኪሳራው ቢያንስ ቁጥር አለው።

የብድር ደረጃ (የድርጅቱን የመክፈል አቅም የሚመዝኑ ተቋማት የሚሰጡት ውጤት) መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው ቀድሞ ወርዷል። ከኢንቨስትመንት ደረጃ፣ ማለትም አስተማማኝ ከሚባሉት ቦንዶች፣ የመጨረሻ እርከን ወደ ታች ሲወድቅ ግን ይለያል፤ ደንባቸው እንዲህ ያለውን ቦንድ የሚከለክላቸው ፈንዶች ወደዱም ጠሉ ይሸጣሉ።

ዋጋ ወረደ ብሎ ዜና ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ተመሳሳይ የመክፈያ ጊዜ ያለው የመንግሥት ቦንድ ምን ያህል እንደሚያስገኝ ይታይ። የመንግሥቱ ቦንድ የሚያስገኘው በ1.5 የመቶኛ ነጥብ፣ የድርጅቱ በ2 ነጥብ ከጨመረ፣ ከድርጅቱ ዜና የመጣው ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው። ገዢና ሻጭ በሚያንስበት ገበያ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያለው ዋጋ ከዜናው በፊት የተገበያዩበት ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን አይታችሁ፣ ደላላውን ዛሬ በስንት እንደሚገዛችሁና ስንት ቦንድ እንደሚወስድ ጠይቁት።