የኮንሶ ካብና ባለቤቶቹ

ኮንሶ ላይ «ቅርሱ ከዚህ ይጀምራል» የሚባል በር የለም። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ወደ ኮንሶ ከተማ ወደ ካራት የሚወስደው መንገድ ዳገቱን መውጣት ሲጀምር ግራና ቀኙ በድንጋይ እርከን ተሸንሽኖ ይታያል፤ ጎብኚው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ቅርሱ ውስጥ ገብቷል። እርከኑ ላይ ማሽላ ይዘራል፣ በማሽላው መካከል ሽፈራው ይቆማል። ሰው ጎንበስ ብሎ ያርማል። ማንም ለጎብኚ ብሎ የሚያደርገው ነገር አልነበረም፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ነው።

ዩኔስኮ የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ነው። 55 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው በዚህ ደረቅ ደጋ ላይ የድንጋይ ሥራው ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ሲቀባበለው ኖሯል። ካቡ አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ይደርሳል። አፈሩን ከመሸርሸር ይጠብቃል፣ የዝናቡን ውኃ ያቁራል፣ የተረፈውን ደግሞ ማሳውን ሳይጎዳ ያሳልፋል። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን አንዱ ቦታ ይናዳል፤ የተናደውን ቶሎ የሚክበው ሰው ከጠፋ ከላይ ያለው እርከን የታችኛውን ይዞት ይወርዳል። መንገዳችን ላይ አንድ አባት ከልጆቹ ጋር ድንጋይ እየመረጠ ሲክብ አገኘን። ከአስጎብኚያችን ጋር በኮንሶኛ ሰላምታ ተለዋወጡና ሥራቸውን ቀጠሉ። ላውካቸው አልፈለግሁም፤ አለፍን።

ካራት ላይ ጎብኚ ክፍያውን ፈጽሞ የአካባቢ አስጎብኚ ይይዛል። መጀመሪያ ይህ ለወጣቶቹ ሥራ ለመፍጠር ብቻ የተደረገ ይመስል ነበር። ጋሞሌ ስንገባ ግን ሌላ ጥቅሙን አየሁ። በካብ የታጠረችው መንደር ውስጥ ጠባቡ መተላለፊያ ይጠማዘዛል፤ የየግቢው በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል። የትኛው ግቢ እንግዳ እንደሚቀበል፣ የትኛው ሐዘን ላይ እንደሆነ ከሩቅ የመጣ አስጎብኚ ከየት ያውቃል? ከእኛ ቀድመው የገቡ ጎብኚዎች አንዲት እናት ላይ ካሜራ ሲደግኑ ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። የእነሱ አስጎብኚ ወዲያው «አውርዱት» አለ፤ አወረዱት። ነዋሪው እንዳይታይ ሲፈልግ የሚሰማው ሰው አለ ማለት ነው።

ሞራ በሚባለው አደባባይ የትውልድ ምሰሶው ቆሟል። በየ18 ዓመቱ ሥልጣን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ አንድ የጥድ ግንድ ይጨመርበታል፤ የመንደሩን ዕድሜ ከዚያ ላይ መቁጠር ይቻላል። አጠገቡ ወጣት ወንዶች የሚያድሩበት የጋራ ቤት አለ። ሌሊት እሳት ቢነሳ ወይም ሰው ቢታመም ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። እዚያው አንድ ከባድ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ጎረምሳ ለአቅመ አዳም መድረሱን የሚያሳየው እሱን አንስቶ ነው። ከጎብኚዎቹ አንዱ «አንሳልን» ብሎ አንድ ወጣት ቢለምን፣ ወጣቱ ጥላ ሥር ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች ዞረ። እነሱ ዝም አሉ፤ እሱም አላነሳም።

ካራት ወዳለው ሙዚየም የገባሁት ዋካዎቹን ለማየት ነበር። ዋካ ለጀግና መታሰቢያ የሚቀረጽ የእንጨት ሐውልት ነው። ጀግናው ብቻውን አይቆምም፤ ሚስቶቹም፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎችም አብረውት ይቀረጻሉ። ብዙዎቹ ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል፤ ከሌባ የተረፉት ሙዚየም ገብተዋል። መዳናቸው መልካም ነው። ቢሆንም ከቤተሰቡ ተነጥሎ ግድግዳ ጥግ የቆመ ጀግና ሳይ ከፋኝ። ሐውልቱን ቆሞበት የነበረው መንደር ቢጠብቀው፣ ለጠባቂውም ከጎብኚው ገንዘብ ቢደርሰው እመርጣለሁ።

ይህንኑ ሐሳብ ቀደም ብዬ ጋሞሌ ላይ ለአንድ አዛውንት ተናግሬው ነበር።

«አባባ፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ምን ላይ ቢውል ይወዳሉ?» አልኳቸው፤ አስጎብኚው አስተረጎመ።

ወደ ቤታቸው ጣራ በከዘራቸው ጠቆሙ። ጫፉ ላይ የሸክላ ማሰሮ የተደፋበት የሣር ክዳን ነው። «ሣር» አሉ። እንደ ድሮው ቅርብ አይገኝም፤ ማጨዱ፣ መሸከሙ፣ መክደኑ ጉልበት ይጠይቃል፤ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ናቸው። ጎረቤታቸው ቤቱን ቆርቆሮ ማልበስ ይፈልጋል፤ ቅርሱን ያበላሻል ተብሎ ይከለከላል። «ሣሩን የምታደንቁት እናንተ ናችሁ። ሲያፈስ የምንተኛበት ግን እኛ ነን።»

አስጎብኚውን «እውነት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ነገሩ በየስብሰባው እንደሚነሳ፣ ወጣቱና ሽማግሌው ገና እንዳልተስማሙ ነገረኝ። እኔ ብጠየቅ መልሴ አጭር ነው፦ ቆርቆሮ የሚከለክል አካል ሣሩን አስጭዶ፣ አስከድኖ፣ ለከዳኙም ከፍሎ ይከልክል። ለብሮሹርና ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ በኋላ ይታሰብበት።